ሚኒባስ ውስጥ ያስጮኸኝ ኮድ

"አልሐምዱሊላህ! ኮዴን ተቀበሉት!"

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምንወርድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ የገባውን መልእክት አይቼ አሁን የጮህኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ለአንድ ችግር ብዙ መፍትሔዎችን እንደ ዘር እያዳቀለ፣ በየትውልዱ የሚያሻሽል ነጻ የሶፍትዌር ላይብረሪ፣ ማለትም ማንም ሊጠቀምበትና ሊጨምርበት የሚችል የኮድ ስብስብ አለ። እኔ የጻፍኩት የእያንዳንዱን ትውልድ ምርጥና አማካይ ውጤት የሚዘግበውን ክፍል ነው። የላይብረሪው ኃላፊዎች ሁለቴ ሲመልሱብኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዛሬ ገባ!

አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ "ምን አገኘሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ትውልዱ እየተሻሻለ ነው ወይስ ባለበት እየረገጠ ነው የሚለውን የሚናገር ፕሮግራም ሠርቼ ነው፣ እናቴ።"

"ኧረ ማሻአላህ! ለኛም ትውልድ ባደረግሽው! አላህ ይጨምርልሽ!"

ምን እንደሠራሁ ሳያውቅ ሚኒባሱ ሙሉ "አሚን!" አለልኝ። (ሾፌሩ ግን አሁንም በመስታወቱ በጥርጣሬ ያየኛል።)

እናንተስ፣ ደስታ ሰው መሐል አምልጧችሁ ያውቃል? የት ነበራችሁ?