ዳማው የቆመበት ቦታ

ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከመቂ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ የአጎቴ ዳማ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያሸንፍ መቶ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር። አራት ዓመቱ ነው። የፊት እግሩ አብጦ ሦስት ወር ከሩጫ አርፎ መመለሱ ነበር።

ከተመልካቹ መካከል አንዱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ዳማው ጆሮውን ቀሰረ፤ ፍጥነቱን ቀነሰና ወደ ሜዳው ጠርዝ ተጠግቶ ቆመ። ሌሎቹ ፈረሶች አልፈውት ሄዱ።

«ሒሳብ ሳትከፍሉ እንዳትወርዱ!» አለ ሌላው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

አጎቴ በከዘራቸው ተደግፈው ወደ ጋላቢው ሄዱ። ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው እርሱ ነው።

«ጋሪ ላይ ጠምደኸዋል?»

ጋላቢው አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየና አቀረቀረ። «አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትነካው።»

ያዘዝሁት እኔ ነበርሁ። አጎቴ ጋሪ የጎተተ ፈረስ ለሩጫ አይሆንም ይላሉ፤ እኔ ግን መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተቀምጬ ስለ እንስሳት መኖ ሳጠና የኖርሁ ሰው ነኝና፣ የደከመ እግር በቀላል ሥራ እንደሚጠነክር አምኜ ጋሪ እንዲጎትት ዕቅድ አወጣሁ፦ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ከሁለት ሰው በላይ ሳይጫን። «ለጋሼ ግን አይነገራቸው» አልሁት ጋላቢውን። በየሳምንቱ እየመጣሁ የእግሩን እብጠት ለካሁ፣ መዘገብሁ። ጆሮው ምን እየለመደ እንደሆነ አላሰብሁም።

የመዘገብሁበት ማስታወሻ ደብተር በዚያች ሰዓት በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነጠላዬን አስተካከልሁ እንጂ አልተናገርሁም።

ጋላቢው እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። «እትዬ፣ እግሩ ደኅና ነው፤ ዳብሼ አይቼዋለሁ» አለኝ። አዳማ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ምነው በሰደበኝ እያልሁ ተመኘሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አጎቴ ቤት ተመልሼ ደብተሩን አነበብሁላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ትናንት አፍ አልነበረሽም?»

«አልነበረኝም፣ ጋሼ።»

«በሰው ፊት ያዋረድሽውን በሰው ፊት ታነሺዋለሽ።»

ዳማው ወደ አሳዳጊው ወደ ጋላቢው እንዲመለስና ዳግመኛ ጋሪ እንዳይጎትት ተወሰነ። እኔም በዚያው ጠዋት ጋሪዎች በሚቆሙበት አደባባይ፣ በባለጋሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ ትእዛዙ የእኔ እንደነበረ እንድናገር ተወሰነ።