የአባት ስም ይቅደም

አማከለች ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አክስቷ ዘንድ ስታድግ፣ ከምክር ሁሉ አብዝታ የሰማችው «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ነበር። ሰማች፣ አመነች፣ ኖረችበትም። ሥራም ያገኘችው በዝምታዋ ነው፤ አንድ ማኅበር መካኒሳ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት «ይቺ ጸጥ ያለች ልጅ ትሁን» ብለው ቀጠሯት። ፀጉሯ እስኪሸብት እዚያው ቆየች። በንባብ ክፍሉ ጥግ የቆሙትን ባለ መሳቢያ ሣጥኖች የሞሉት ካርዶች አብዛኞቹ የእጇ ጽሑፍ ናቸው። ከላይ የደራሲው ስም፣ ከጎኑ የአባቱ ስም፣ ከሥር መጽሐፉ ያለበት መደርደሪያ። አንባቢ መሳቢያውን ስቦ የፈለገውን ያገኛል፤ እሷም አፍ ማውጣት አያስፈልጋትም።

የኮምፒውተር ሥልጠና የመጣው በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ መኩሪያ ቢሯቸው ጠሯትና አዲሱን ኮምፒውተር እንደ በኩር ልጅ እየደባበሱ፣ «ወይዘሮ አማከለች፣ ትምህርቱ ከባሕር ማዶ በኢንተርኔት ይመጣልዎታል፤ መልስዎንም በዚያው ይልካሉ። መጨረሻ ላይ ካርዶቹን በሙሉ እዚህ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሣጥኖቹ ይወጣሉ» አሏት።

«ብወድቅስ?» አለች።

«የወደቀማ ምድቡ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው እንግዲህ።» ፈገግ ብለው ነበር የተናገሩት፤ እሷ ግን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም።

ሥልጠናው በሳምንቱ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት የስልኩን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካው ማሽኑ እንደሚታረድ ዶሮ ይንጫጫና ድንገት ጸጥ ይላል። ትምህርቱ ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ይመጣል። የአስተማሪዋን ፊት አይታው፣ ድምፅዋን ሰምታው አታውቅም። መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች፣ ትመልሳለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነበር። እሰይ እንዳትል ግን ሣጥኖቹን ባየች ቁጥር ጭንቅ ጭንቅ ይላታል።

አንድ ቀን የመጣው ትምህርት ስለ ደራሲ ስም አጻጻፍ ነበር። የማንኛውም ደራሲ የመጨረሻ ስሙ ይቀድማል፣ የራሱ ስም ይከተላል፤ ማሽኑም የሚፈልገው በቀደመው ስም ብቻ ነው፤ ሌላ አይፈቀድም። በፈረንጅ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰቡ ሁሉ መጠሪያ ነው። በእኛ አገር ግን አባትየው ራሱ ነው፤ ደራሲን በአባቱ ስም የሚያውቀው የለም። አማከለች ትምህርቱን መልሳ አነበበችው፤ ያው ነው።

ነገሩን ለዘበኛው ለጋሽ አብዶ አጫወተቻቸው።

«እኔን ፈልጎ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ 'ኢስማኢል!' ቢል ማን ይወጣለታል?» አሉ ሳቃቸውን እያፈኑ። «አባቴ እንደሆነ ካረፈ ስንት ዘመኑ! ልጄ፣ ሳይመሽ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀችም፤ ማለት ጥያቄውን ጻፈችው። «በዚህ ዓይነት አንባቢ መጽሐፉን አያገኘውም» የሚል ነበር። ከዚያ «ትምህርቱ አልገባትም ቢሉኝስ?» ብላ አሰበች። ዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ የዝገቱን ሽታ አሰበች። የጻፈችውን ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል አጠፋችው። አስተማሪዋ ክፉ ሰው አትመስልም ነበር፤ ቢነግሯት ምናልባት ታርመው ይሆናል። የሚነግራት ጠፋ እንጂ።

ካርዶቹን አስገብታ ጨረሰች፤ ሁሉም በአባቱ ስም። አለፈች፤ ያውም ከሁሉ በላጭ ተብላ። አቶ መኩሪያ አጨበጨቡላት። በማግስቱ ካርዶቹ በማዳበሪያ ተሞልተው ለሰፈሩ ዳቦ ቤት እሳት ማቀጣጠያ ሄዱ። ጋሽ አብዶ በሩን ከፍተው አሳለፏቸው፤ ያን ቀን አልቀለዱም።

መጀመሪያ የመጣችው ሙፊዳ የምትባል የነርስነት ተማሪ ነበረች። ዶክተር ራጉኤል ስለ ሕፃናት ሕመም የጻፉትን መጽሐፍ ፈልጋ ማሽኑ ላይ «ራጉኤል» ብላ ጻፈች። ማሽኑ የለም አለ። አማከለች ተነሥታ ሄደችና መጽሐፉን ከመደርደሪያው አምጥታ ሰጠቻት።

«ውይ፣ አለ እንዴ እትዬ? ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ዛሬ አሞታል» አለቻት፤ ለመሳቅም ሞከረች።

ማሽኑ በማግስቱም አልዳነም። እሱ የለም ይላል፣ እሷ ተነሥታ ታመጣለች። እሷ እስካለች ድረስ ማን ልብ ይላል? ማስተካከል ማለት ለአቶ መኩሪያ መናገር ነው፤ መናገር ደግሞ ካርዶቹን ያስቃጠልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። ፈራች፤ ፍርሃቷም ውሎ ሲያድር ባሰባት እንጂ አልቀለላትም።

ክረምቱ እንደወጣ አቶ መኩሪያ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። «ምሥራች! ማሽኑ ሁሉን ካወቀ ዘንድ እርስዎን እዚህ ማስቀመጥ ብክነት ነው። እዚህ ቁልፍ የምትጫን ልጅ እናስቀምጣለን። እርስዎ ላፍቶ ሄደው የማኅበራችንን የሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ያሠለጥናሉ። ሣጥኖቻቸውን ለማስወጣት እርስዎን ነው የሚጠብቁት።»

አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን «እሺ ጌታዬ» የሚል ነው።

ላፍቶ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቃት። ስም አጻጻፉ ላይ ስትደርስም ትምህርቱን እንደመጣላት ሰጠች። ዙሌካ የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ እትዬ፣ በአባቱ ስም ካስገባነው አንባቢው በምን ያገኘዋል?»

አማከለች ሴትየዋን አየቻት። ከሴትየዋ ጀርባ ከየቤተ መጻሕፍቱ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩትን የካርድ ሣጥኖች፣ ሊጭናቸው በሩ ላይ የቆመውን የጭነት መኪና አየች። አቶ መኩሪያ ከፊት ወንበር ሆነው መልሷን እየጠበቁ ነው።

«መመሪያው የሚለው እንዲህ ነው» አለች። «ያልገባው ሰው አያልፍም።»

ዙሌካ ፊቷ ቀላ። እጇን አወረደች፤ ጎንና ጎኗ የተቀመጡትን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸውና እንደ እነሱ አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች።