ከዘጠነኛው ዙር በኋላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምቡሳ ዘይት ሲሸተኝ ጆሮዬ ላይ የቦክስ ደወል ይጮሃል። ሳቁብኝ፣ ግን እውነቴን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማውንትሌክ ቴራስ በሚባለው ከተማ፣ ቤቴ ውስጥ ሳምቡሳ እያገላበጥኩ ሳለ ባለቤቴ ከሳሎን የዚያን ቀን የቦክስ ግጥሚያ በቲቪ ማያ ዋጋ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «እንግዛው እንዴ?» አለ። «አይገዛም!» ብዬ ስጮህ እሱም ልጆቹም ደነገጡ። እኔ በረባ ባልረባው የምጮህ ሴት አይደለሁም። ገንዘቡም ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለታችንም ደህና ሥራ አለን። ግን ያ ዋጋ ስክሪን ላይ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። አገር ቤት ሳለ በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር፤ ጎበዝ ነበር ብዬ አልዋሽም፣ አፍንጫው ይመሰክርበታል። ትልቅ ግጥሚያ በመጣ ቁጥር ግን ወዳጅ ሁሉ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነበር። ግጥሚያው የሚካሄድበት ከተማ መሽቶ እኛ ጋ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በበጋ ጨረሩ ስክሪኑን ስለሚያጠፋው እናቴ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ አንሶላ ትወጥር ነበር። ሰዉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ የካልሲና የዘይት ሽታ በተቀላቀለበት ሳሎን ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው የአባቴ ወዳጅ ሚስቱ የጠቀለለችውን ሳምቡሳ ይዞ ይመጣል፤ እናቴ ትጠብሰዋለች። ሁልጊዜ የምስር ነበር። እንግዳው ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ስለነበር የሥጋ ቢሆን ግማሹ ሰው እያየ ይቀር ነበር።

ታዲያ ቦክሱ በነጻ አይታይም። በየወሩ ለቲቪ ከሚከፈለው ሌላ ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ለብቻው ይከፈላል። እኔ ማስታወስ ስጀምር አርባ ምናምን ዶላር ነበር። ከዚያ ሃምሳ ገባ፣ ስድሳ ሆነ፣ ሰባን አለፈ። የሚታየው ግን ያው ሁለት ሰውና አራት ጓንት ነው። የአባቴ ገቢ ደግሞ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ሰው ሁሉ መኪና በስልኩ መጥራት ጀምሯል። እሱ ግን ከማንም ሳንቲም አይቀበልም። በአባቴ ቤት እንግዳ እጁን ኪሱ የሚከተው መሐረብ ለማውጣት ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን የሚጋጠመው አባቴ በጣም የሚወደው ቦክሰኛ ነበር። እንደ አባቴ ግራኝ ነው፤ ዕድሜው ስለገፋ እኛ ቤት «ሽማግሌው» ነበር የሚባለው። የመጨረሻ ግጥሚያው ነው ተብሎ ስለነበር ሰዉ ከወትሮው በዝቶ መጣ። አባቴ ውጭ ቆሞ «እዚህ ፓርክ አድርግ፣ እዚያ አታድርግ፣ ጎረቤቴ ይቆጣል» እያለ መኪና ያስተናግዳል። እናቴ ቴሌቪዥኑን ስትከፍተው ዋጋው መቶ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለች።

ይህን የሰማ አንድ ሰው ነበር። በዲቪ ሎተሪ ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው፣ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። እኛ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። አገር ቤት በሰፈሩ ኳስ የሚታየው ለመግቢያ እየተከፈለ ስለሆነ፣ ቅንነቱ ገፋፍቶት የሳምቡሳውን ሳህን ባዶ አደረገና ከሰው ሰው እየዞረ ገንዘብ ሰበሰበ። አባቴ ሲገባ ሳህኑ በዶላር ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መዋጮ ነው፣ ጋሼ። ለእርስዎ እንዳይከብድ…»

«ቤቴን ኳስ ማሳያ አደረግኸው?»

ባለሱቁ ነገሩን ለማብረድ ተነሳ። «ተዉ ጋሼ፣ አላወቀም እኮ። ሶ፣ እኔ በካርዴ ቻርጅ ላድርገው፣ ኦኬ?»

«ካርድህን እንዳታወጣት!» አለው አባቴ። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ ገንዘቡን ለየባለቤቱ መለሰ። ማን አምስት፣ ማን አሥር እንደሰጠ አስተማሪው በቃሉ ይዞት ስለነበር ፊቱ ቲማቲም መስሎ እየነገረው አብሮት ዞረ። መልሶ ሲጨርስ አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመና ዋጋውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ከእንግዳዬ አልቀበልም። ለእነዚህም አልከፍልም። በቃ!» ብሎ አጠፋው።

እናቴ ከኩሽና በር «ሰው ጠርተህ?» አለችው፤ ቀስ ብላ ነበር ያለችው። አባቴ ሰዉን በዓይኑ ቃኘ። ምን እንደፈራ እኔ አውቃለሁ። እዚያው ስካይዌይ ግጥሚያውን የሚያሳይ መጠጥ ቤት ነበር። ሰዉ ዛሬ ተነስቶ ወደዚያ ከሄደ፣ በሚቀጥለው ግጥሚያም እዚያው ነው። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ በዚህ አገር ያፈራው ነገር ቢኖር ቅዳሜ ሰው የሚሞላው ቤቱ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዎች ጃኬታቸውን አንስተዋል፤ አንዱ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ስልክሽን አምጪ።»

«ዋይ ሚ?» አልኩት። ያኔ ከወላጆቼ ጋር በአማርኛ ማውራት እንደ ቅጣት ነበር የምቆጥረው።

«በየዙሩ የሆነውን የሚጽፉበት አለ ብለሽኛል። አንብቢ። በአማርኛ።»

እናቴ ሄዳ አንሶላውን ከመስኮቱ አወረደችው። የምሽቱ ፀሐይ ሳሎኑን ሞላው። ባለሱቁ ጠረጴዛውን ገፋ፣ አስተማሪው እንደ መካሻ የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዞ መጣ። አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ መሐል ቆመ። ክዳኑ ጧ! አለ።

መጀመሪያ ላይ አፍሬ ልሞት ነበር። «ሽማግሌው በግራ መታው… እ… ሪብስ…» ስል አባቴ «ጎድኑን!» ይለኛል፤ ብሎም አያቆም፣ ጎድኑን እንዴት እንደሚመታ በአየር ላይ ያሳያል። «ወደ ገመዱ… ፑሽ አደረገው» ስል «ገፋው!» ይላል፤ ሶፋው ላይ ያሉት ሰዎች እግራቸውን ይሰበስባሉ። አንድ ቃል በጠፋኝ ቁጥር አባቴ ነበር የሚያቀብለኝ። ዙር ሲያልቅ እናቴ በፎጣ ፊቱን ትጠርግለታለች። ጃኬት ያነሱት ሁለቱ በሦስተኛው ዙር ላይ መልሰው ተቀምጠው ነበር። በስድስተኛው ላይ ቁልፉን የሚያሽከረክረው ሰውዬ ቆሞ «አገጩን! አገጩን በለው!» እያለ ይጮሃል። ያየነው ምንም ነገር የለም፤ ግን እንደዚያ የታየ ግጥሚያ እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ዘጠነኛው ላይ ስልኬ ላይ የወጣው ሁለት መስመር ነበር። ሽማግሌው ተዘረረ። ግጥሚያው አለቀ።

ቀና አልኩ። አባቴ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ቃሌን ይጠብቃል። ከኋላው የመስኮቱ ብርሃን አለ። የሰዉ አፍ ሁሉ ተከፍቷል።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«ወደቀ» አልኩ። ያቺ ቅጽበት በጣም ረዘመችብኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ዳኛው እየቆጠረ ነው… ሰባት… ስምንት… ተነሳ!» አልኩ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ያን ጊዜ አስተማሪውን አየሁት። እሱም በስልኩ ይከታተል ኖሯል። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ማንኪያውን አንስቶ ክዳኑን መታ። «ዙር አሥር!» አለ።

አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው የእኔ ናቸው። የሚተረጎም እንግሊዝኛ አልነበረም፤ በሕይወቴ ያን ያህል አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። አሸነፈ ለማለት ግን አልደፈርኩም። «በነጥብ ተሸነፈ» አልኩ። «ግን ቆሞ።»

«ቆሞ!» አለ አባቴ፤ እንባ ይሁን ላብ ባላውቅም ዓይኑን ጠረገ። እናቴ በጆሮዬ «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ብላ ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ። እውነተኛውን ውጤት በማግስቱ ሁሉም ሰምቶት ይሆናል። አንድም ሰው ግን አላነሳብኝም፤ አባቴም ጭምር። በሚቀጥለው ግጥሚያ ሁሉም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ዋጋው መቶ ቢያልፍ ባያልፍ ግድ አልነበረንም፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልገዛንም።

አባቴን የቀበርነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ባለሱቁ፣ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ፣ ያን ግጥሚያ ማውራት ጀመረ። «አሥራ አንደኛው ዙር ላይ እኮ ገመድ ላይ አስደግፎት…» ሲል አንድ ከቴክሳስ ለቀብሩ የመጣ ወጣት ዘመዳችን አቋረጠው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ እኮ በዘጠነኛው ነው የተዘረረው። እኔ በቲቪ ከፍዬ ነው ያየሁት።»

ባለሱቁ ቀስ ብሎ ዞረ። «አንተ ከፍለህ አየህ» አለው። «እኛ ግን እዚያው ነበርን።»

ለቀስተኛው ሳይወድ ሳቀ። አስተማሪው ከጥግ «አሥራ ሁለተኛውን እሷ ትንገረው» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥቁር ልብሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩና ሽማግሌው ከጥጉ እንዴት እንደተነሳ፣ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ እንዴት ወደ መሐል እንደወጣ ነገርኳቸው። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋኝ። አባቴ ያቀብለኛል ብዬ ዝም አልኩ።