ጎፋው በየትኛው ዘመን ይኑር

ሚሳኤል ጎፋ ካሉት ቀለም ቤቶች በአንዱ ቀለም ያዋሕዳል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ክርክሩ ግን አያልቅም። ሰው የድሮ ቆርቆሮ ክዳን ይዞ ይመጣና ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳየ «ሳሎኔን የዛሬ አሥር ዓመት የቀባሁት በዚህ ነው፤ ጥጉ ስለተላጠ ለመጠገኛ ልክ ይኸንኑ» ይላል። ሚሳኤል ጠብታ ሳያዛንፍ ያዋሕድለታል። በማግስቱ ሰውዬው እየጮኸ ይመለሳል፤ አዲሱ ቀለም ግድግዳው ላይ እንደ እራፊ ተለይቶ ታይቷላ! «ጌታዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተለወጠው ግድግዳዎ ነው» ይላል ሚሳኤል። ይህን ቃል በሳምንት ስንቴ እንደሚናገረው እሱም አያውቅ።

መካኒሳ አቦ ያለው ቤቱ ሲገባ ግን የሚጮኸው እሱ ነው። ሚስቱ አምሳለ ለዓመታት አንድ እሮሮ ስትሰማ ኖራለች፦ ቫልዶር ተበላሸ። ቫልዶር የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ምድር ውስጥ ይገቡና እያንዳንዱ የራሱን ሰው ፈጥሮ፣ ያንን ሰው ከአውሬ እያዋጋ፣ ንብረት እያስያዘ፣ እያሳደገ ይኖራል።

«ይኸ ቫልዶር የሚባለው አገር ኤምባሲ የለውም?» አለችው አንድ ቀን። «አቤቱታህን እዚያ አስገባና እኛን አሳርፈን።»

እሮሮው መሠረት የሌለው አልነበረም። መጀመሪያ ቫልዶር ውስጥ ካርታ አልነበረም። መንገድ የጠፋበት ሰው መንገደኛ አቁሞ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም «የተቃጠለውን ወፍጮ እለፍና ድልድዩን ሳትሻገር ወደ ግራ» ብሎ ይመልሳል። የጎፋ ልጅ የሆነው ሚሳኤል ደግሞ ቤት በቁጥር ፈልጎ አያውቅምና ይህ አገሩን መሰለው። ቆይቶ ፈረስ መጣ። ከዚያ መሬት ላይ መንገድ የሚያሳይ ቀስት ተሰመረ። ከዚያ የሚበር አውሬ ተሸጠ። ዛሬ ጭራሽ አንድ ቁልፍ አለ፤ እሱን ከተጫኑት ሰውዬው ራሱ ሄዶ፣ ራሱ ተዋግቶ፣ ራሱ ይመለሳል። «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?» ይላል ሚሳኤል። 

እሱ የሚናፍቀው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ሰሞን ጎፋ ውስጥ የነበረውን ኢንተርኔት ቤት ነው። እዚያ ቫልዶርን መሸከም የሚችል ኮምፒውተር አንድ ብቻ፣ ጥግ ላይ ያለው ነበር። ሚሳኤል፣ ሮበሌና ቃለሕይወት በአንዱ ወንበር ዙሪያ ተጠጋግተው ለሦስት አንድ ሰው ፈጠሩ፤ ስሙንም ጎፋው አሉት። ሚሳኤል ማውሱን ይዞ ይመራዋል። ሮበሌ የሰይፉን ቁልፎች ይጫናል። የቸርች ልጅ በመሆኑ ከሚሲዮናውያን ጋር ያደገው ቃለሕይወት እንግሊዝኛው ይሻል ስለነበር ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መጻጻፉ የእሱ ድርሻ ሆነ። መስመሩ ከመዘግየቱ የተነሣ ተኩላ ሲመጣ ይታይና መሃል መንገድ ላይ ይገተራል፤ ኢንተርኔቱ እስኪያስብ ድረስ ሦስቱ ይመካከራሉ። «በጎኑ እንግባበት?» «ኧረ ይምጣ፣ ይምጣ!» ተኩላው ሲነቃ ምክሩ አልቆ ይጠብቀዋል። ቃለሕይወት ደግሞ ለወዳጅም ለጠላትም «ተባረክ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ፈረንጆቹ ጎፋውን የሆነ ባሕታዊ ሽማግሌ አድርገው ያከብሩት ነበር።

ፓስወርዱን ሦስቱም ያውቁታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንም አልቀየረውም።

ዘንድሮ የጨዋታው ባለቤቶች አንድ ነገር አወጁ። ሦስቱን የጥንት ዘመኖች፣ ካርታ ያልነበረበትን፣ ፈረስ የመጣበትንና ቀስት የተሰመረበትን፣ ልክ እንደነበሩ መልሰው ከፍተዋል፤ የድሮ ተጫዋች የድሮ ሰውዬውን ከሦስቱ ወደ አንዱ ማዛወር ይችላል፤ የሚዛወረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ከዚያ ዘመን በኋላ ያፈራው ሁሉ ይረግፋል፤ መመለሻም የለውም። የማዛወሪያው ቀን እሑድ ማታ ያበቃል።

ሚሳኤል ሲያነብ እንባው መጣ። ምርጫ ያለ እንኳ አልመሰለውም፤ አንደኛው ዘመን ነዋ! ጓደኞቹን ለቅዳሜ ከሰዓት ጠራቸው። ሦስት ወንበር አንድ ኮምፒውተር ፊት ደረደረና፣ ጎፋውን ከማዛወራቸው በፊት አዲስ ሰው ፈጥረው አንደኛውን ዘመን እንዲቀምሱት አሰበ።

ዛሬ ሮበሌ ሁለት ሲኖትራክ አለው፤ ስልኩ ፋታ አይሰጠውም። ቃለሕይወት ለገሐር አካባቢ ያለ የድምፅ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ የቸርቹን ድምፅ ይቆጣጠራል። ተቀመጡ። ጉልበት ከጉልበት ተጋጨ።

«ሆድህን ሰብስብልኝ፣ ኪቦርዱን ሸፈንከው እኮ» አለ ሚሳኤል።

«አንተ የራስህን ቦርጭ ጓዳ አስቀምጠኸው ነው የመጣኸው?» አለ ሮበሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እየሰቀለ።

የመጀመሪያው ተኩላ ከጫካ ወጣ። ሚሳኤል ሰውዬውን ወደ ግራ ሲያዞር፣ ሮበሌ ወደ ቀኝ ሰነዘረ። ሞቱ። እንደገና ጀመሩ።

«ምታው!»

«መታሁት! ወዴት ነው የምታዞርብኝ?»

ሞቱ። አምሳለ ሽንኩርት እየላጠች ከኋላ ቆማ ታያቸዋለች። «ሦስት ወንድ ለአንድ ተኩላ?» አለች።

«ኢንተርኔቱ ነው የፈጠነው» አለ ሮበሌ። «ድሮ ተኩላው ራሱ ይጠብቀን ነበር።»

ሚሳኤል ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። ዋይፋዩን አጠፋ፤ ኮምፒውተሩን ከአምሳለ ስልክ ጋር አገናኘና ስልኳን ወስዶ ሽንት ቤት ውስጥ፣ የውሃ ባልዲው ሥር ሸጉጦት በሩን ዘጋ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«እንዲንቀራፈፍ ነዋ!»

«ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጣራ ይወጣል፤ የእኔ ባል ሽሽት ሽንት ቤት ይገባል» አለች አምሳለ። «ስልኬ ውሃ ቢነካው ግን ቫልዶርም አያስጥልህ።»

ኢንተርኔቱ በእርግጥ ተንቀራፈፈ፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ቆም ብሎ አልጠበቃቸውም። ጭራሽ ተቋረጠና ከጨዋታው ወረወራቸው። ሚሳኤል ስልኩን ከባልዲው ሥር አውጥቶ ለአምሳለ ሰጣትና፣ በቀሚሷ ጫፍ ስታደርቀው እያየ፣ ዋይፋዩን መልሶ አበራ።

«ቃሌ፣ አንተ ደግሞ ለምን ዝም አልክ? የወፍጮውን መንገድ ጠይቅልን እንጂ።»

ቃለሕይወት ጻፈ። አደባባዩ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይተራመሳል፤ ሁሉም ግን እንደ ተላላኪ ይሮጣል። እያንዳንዱ የዚያን ዘመን መንገድ አስቀድሞ አጥንቶት ነው የገባው። አንዱ እየሮጠ መለሰለት። ቃለሕይወት ተረጎመው፦ «ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ አንብብ፣ ይላል።»

«ባለጌ ነው! ሌላ ጠይቅ።»

«ሚሳ፣ ልንገርህ» አለ ቃለሕይወት እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ። «እኔ ጎፋው ወደዚህ እንዲመጣ አልፈልግም። ሦስተኛው ዘመን ነው የምፈልገው።»

«እኔ ደግሞ ሁለተኛው» አለ ሮበሌ ፈጠን ብሎ፤ ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። «ፈረስ ያለበት። የግንቡን በር በፈረስ ሰብረን ስንገባ ኢንተርኔት ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጨበው እኮ ሁለተኛው ዘመን ላይ ነው!»

ሚሳኤል ወንበሩን ወደ ቃለሕይወት አዞረ።  «ሦስተኛው ዘመን ላይ እኮ እኛ አልነበርንም። እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሮበሌ ከአጎቱ ጋር ጅቡቲ መስመር ወጥቶ።»

«ለዚያ ነው» አለ ቃለሕይወት።

 አምሳለ ቢላዋዋን አቆመች።

«ማውሱን አንድ ቀን ሰጥታችሁኝ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን!» ብሎ ቀጠለ።

«ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለ ሮበሌ።

«እንዴት ልጠይቅ? ‹ቃሌ ጻፍ፣ ቃሌ በላቸው፣ ቃሌ ይቅርታ ጠይቅልን›፤ እናንተ ተጫወታችሁ፣ እኔ ጸሐፊያችሁ ነበርኩ።»

«እንግሊዝኛ የምትችለው አንተ ስለሆንክ ነዋ!» አለ ሚሳኤል።

«ስለቻልኩ ተቀጣሁ። እናንተ ስትሄዱ ነው ጎፋውን በእጄ ያዞርኩት። ለብቻዬ። ሐይቁ ዳር ቤት ሠራሁለት፤ እንጨቱን አንድ በአንድ ነው ያመላለስኩት። ወደ አንደኛውም ሆነ ወደ ሁለተኛው ዘመን ከወሰዳችሁት ያ ቤት ይረግፋል።»

ሚሳኤል ያንን ቤት ያውቀዋል። ባለፉት ዓመታት በገባ ቁጥር እያየው ተሳድቧል። «ያ ቤት ያንተ ነው? እኔ እኮ ባለቤቶቹ በነጻ የለጠፉብን…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

«ጨርሰው።»

«ምንም።»

«ቆሻሻ ልትል ነበር። በፌስቡክ ጽፈኸዋል፤ አንብቤዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ አልበረደም። ሚሳኤል ሊለሳለስ ፈልጎ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን «አንተ ባትኖር እንኳ ጎፋው ጎፋው ነው» የሚል ሆነ። ቃለሕይወት ጃኬቱን አነሣ። አምሳለን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ፣ ሌሎቹን ሳያይ ወጣ። ሮበሌም ስልኩ ጠራና እያወራ ተከተለው።

«እራት ለአራት ሰው እየሠራሁ ነው» አለች አምሳለ።

«ተይኝ እስኪ አንቺ ደግሞ!»

እሑድ ሚሳኤል ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቁርጡን ወስኖ ነበር። ያዛውረዋል፤ ወደ አንደኛው። ሲያዩት ጠቡን ይረሱታል፣ ቂምም ዕድሜ አለው ብሎ ራሱን አሳመነ። የሐይቁን ዳር ቤት ሲያስብ ግን ቅር ይለዋል፤ ይህም መልሶ ያናድደዋል። የለመደውን ወንበር ስቦ፣ ፓስወርዱን አስገብቶ ማዛወሪያውን ፈለገ። የለም። በቦታው አንድ መስመር ተጽፏል፦ ጎፋው ወደ ሁለተኛው ዘመን ተዛውሯል።

ደወለ። «ሮበሌ! ምን አባክ አድርገህ ነው?»

«አቤት ጌታዬ» አለ ሮበሌ እየሳቀ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። «እናንተ ስትጨቃጨቁ ቀኑ አልፎ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነዋ። ሁለተኛው እኮ መሃል ነው፤ ለሁላችንም ይቀርባል።»

«ለሁላችንም ይርቃል ነው የሚባለው! ያንተ ዘመን ስለሆነ አትልም?»

«እሱ አጋጣሚ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ወደ ጨዋታው ገባ። ጎፋው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ግንቡ በር ላይ ቆሟል። ሐይቁ በሩቅ ያብለጨልጫል፤ ዳርቻው ባዶ ነው። ሚሳኤል ከፈረሱ አወረደውና በእልህ በእግሩ ማስኬድ ጀመረ። ገና ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ስክሪኑ ጠቆረ፦ በዚህ ስም ሌላ ሰው ከሌላ ቦታ ገብቷል። ሮበሌ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን! መልሶ ገባ፤ ሌላውን አስወጣ። ጎፋው ፈረሱ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ነበር፤ ደግሞ አወረደው። ስክሪኑ ጠቆረ። ገባ። ጠቆረ። ሁለት ያደጉ ሰዎች፣ አንዱ ሲያወርድ አንዱ ሲያወጣ፣ ሰዓቱ ነጎደ። አምሳለ ምሳ አቅርባ ሁለቴ ጠራችው።

በስተመጨረሻ ሲጠቁር ስልኩ ጮኸ።

«በቃ እንጂ ሚሳ!» አለ ሮበሌ። «መንገድ ላይ ሆኜ በስልክ ስገባ ስንቴ ነው የምታስወጣኝ?»

«ያስወጣኸኝ አንተ ነህ! አሁን ራሱ ውጭ ነኝ።»

«እኔም ውጭ ነኝ።»

ሚሳኤል ሰዓቱን አየ። የቸርች ሰዓት ካለቀ ቆይቷል።

«ቃሌ ነው» አለ ሮበሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግባና አስወጣው፤ ከዚያ ለእኔ ትለቃለህ።»

የሚሳኤል ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቢጫን ይበቃል። ጣቱን አነሣ።

«ተወው» አለ።

«እንዴ፣ እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እስኪበቃው።»

«እሱ ከጀመረ አይበቃውም እኮ!»

«ተወው አልኩህ አይደል?» ብሎ ጮኸበትና ዘጋው። ምሳው ቀርቦ ወደቀዘቀዘበት ጠረጴዛ ግን አልሄደም። እጁን አጣጥፎ የጠቆረውን ስክሪን እያየ ተቀመጠ። ቃለሕይወት ጎፋውን በዚያ ፈረስ የት የት እንደሚያዞረው አለማወቁ አንገበገበው።