ማድ ቤት የገባው ኮምፒውተር

አባቴ ያረፈው ዘፈን እየሰማ ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሕመሙ ሲጠናበት አልጋውን ከጓዳ አውጥተን ሳሎን ዘረጋንለት። አሮጌው ኮምፒውተሬ እዚያው ከራስጌው በኩል ስለነበር፣ በወጣትነቱ ይወዳቸው የነበሩትን የኦሮምኛ ዘፈኖች ዝቅ አድርጌ እከፍትለት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እግሩን ሳሻሽለት ትንፋሹ ቆመ። እናቴ አንድ ጊዜ ጮኸች። እኛ ሰፈር፣ ካራ ውስጥ፣ አንድ ጩኸት ይበቃል፤ ወዲያው ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው።

ቀድመው የገቡት ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ደረታቸውን እየደቁ በሩ ላይ ደረሱና ቀጥ አሉ። ዘፈኑ ገና አልቆመም ነበር።

«ኧረ በማርያም! ሬሳ ባለበት ቤት ዘፈን?» አሉና ዘለው ሄደው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት።

ከኋላቸው የደረሱት የዕድር ወንዶች ለለቀስተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ሳሎኑን ማራገፍ ጀመሩ። ሶፋው ወጣ፣ ቡፌው ወጣ። ኮምፒውተሩንም እናቴ የሠራችለትን ዳንቴል እንኳ ሳያነሱለት በጋቢ ጠቅልለው እየሮጡ ማድ ቤት አስገቡት። የበሩ ደፍ ላይ ሲጋጭ ድምፁን ሰምቻለሁ። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ገመዱ ተነቅሎ፣ ውስጡ ያለው ዲስክ መሽከርከሩን ሳይጨርስ ሲንገጫገጭ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ማን ያስበዋል?

ነገሩ ትዝ ያለኝ ፎቶ ሲፈለግ ነው። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ያለ ፎቶ አይሞላም። አልቃሽ ፎቶውን አቅፋ ነው የምታለቅሰው፤ ከሩቅ የመጣ ሰውም መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው እሱን ነው። የአባቴ በወረቀት ያለ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ የዘበኝነት መታወቂያው ላይ ያለው። አንድ ዘመዳችን ተሯሩጦ ያንን አስተለቀና በፍሬም አድርጎ አመጣው። እናቴ አየችውና በፊቱ ደፋችው።

«በዚህ አላለቅሰውም» አለች። «እኔ ዘበኛ አላገባሁም።»

አባቴ ገበሬ ነበር። ከሰፈራችን በላይ ካለው ተራራ ግርጌ፣ ከአባቱ የወረሰው የጤፍ ማሳ ነበረው። ከተማው ሰፋ፣ ቦታው ተፈለገ ተባለ፣ ካሳ ተሰጠን፣ ማሳው ላይ መጋዘን ተሠራ። አባቴ ከእርሻ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረ እዚያው መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሲያርሰው የኖረውን መሬት ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ዱላ ይዞ ጠበቀው። ዘበኝነት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያንን ልብስ ሲለብስ ፊቱ ይዘጋ ነበር፤ መታወቂያው ላይ ያለውም ያ የተዘጋ ፊት ነው። ኮምፒውተሩም ከካሳው ላይ የተገዛ ነው፤ እኔ ኮሌጅ ስገባ፣ ከሰው እጅ፣ ያኔውኑ አሮጌ ሆኖ። ስለዚህ ያንን ሳጥን ባየሁት ቁጥር ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሱፍ እናልብሰው ብዬ ነበር። ኮተቤ መንገድ ላይ ያሉ ፎቶ ቤቶች የሟቹን ራስ ቆርጠው ከሱፍና ከረባት ላይ ይቀጥሉታል። የሰፈራችን ሟች ግማሹ ያችኑ አንድ ሱፍ ለብሶ ነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

«ሱፍ ለብሶ ያውቃል?» አለች እናቴ። «የሰው ልብስ ተውሼ አልቀብረውም።»

ቀብረነዋል እኮ ልላት ብዬ ተውኩት።

እሷ የምትፈልገው ሌላ ፎቶ ነበር። የመጨረሻው አዝመራ ሲሰበሰብ በሰው ካሜራ እኔው ያነሳሁት ነው። አባቴ ከጤፉ ክምር አጠገብ ቆሞ ይስቃል፤ ከኋላው ተራራው ከነባሕር ዛፉ ይታያል፣ ከሥሩ ማሳው አለ። ያ ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ሌላ ቅጂ ስልኬ ላይ ነበረኝ፤ ስልኩን ላምበረት ላይ ታክሲ ስጋፋ ወሰዱብኝ። ለሠልስቱ አልደረሰም። እናቴም የተደፋውን ፍሬም ሳታነሳ፣ ባዶ እጇን እያወራጨች አለቀሰች።

«ለአርባው አድርሺልኝ» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ለቀስተኛው ቀለል ሲል ማድ ቤት ገባሁ። ጋቢው ተገፎ ኮምፒውተሩ ላይ የዕድሩ ድስቶች ተቆልለውበታል። ክረምት ስለነበር ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በዳንቴሉ ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ላይ የለቅሶው ወጥ ሲሠራ የከረመበት ጥቀርሻ አለ። ዳንቴሉን ሳነሳው እጄ ላይ ጠቆረ። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ያንን ዳንቴል ኮምፒውተሩ ሲሠራም አታነሳለትም ነበር፤ በሙቀት ይሞታል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄያታለሁ። አሁን አልጨቀጨቅኳትም። አጥባ አሰጣችው።

ሳሎን ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ጀመርኩ። ማብሪያውን ስጫነው ምንም የለም። ሶኬቱን በመብራት ሞከርኩት፤ ይሠራል። ገመዱን ቀየርኩ፤ ምንም። ካቻቢቴ ይዤ የጎኑን ክዳን ስፈታው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ሽታው የመጣው ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሌላው ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱ ይሻላል፤ ይገኛል። ላምበረት ወርጄ ከአንድ የጥገና ሱቅ ያገለገለ ገዛሁና ገጠምኩት። ማራገቢያው ዞረ። እናቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሐኪም የሚጠብቅ አስታማሚ ነው የምትመስለው።

«ተነፈሰ?» አለችኝ።

ተነፈሰ አልኳት። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ይልቁንም ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይል ጀመር።

«ምን አመመው?»

«ራሙ ነው፣ እማዬ። ማስታወሻው። አልያዘም።»

«እንደኔ» አለች።

ራሙን ነቀልኩት። ከሥሩ ያለው ወርቃማ ጥርስ ጥቀርሻና እርጥበት ለብሷል። ለዚህ መድኃኒቱ የተማሪ ላጲስ ነው፤ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ፍርፋሪውን እፍ ማለት፣ እስኪቆልፍ ድረስ መልሶ መጫን። እትዬ በዚህ መሃል ንፍሮ ይዘው ገቡ። ኮምፒውተሩ ወለሉ ላይ ሆዱ ተዘርግፎ ሲያዩት አማተቡ።

«ይሄ ዕቃ እንዴት እንዲህ ሆነ? ሰው ነካባችሁ እንዴ?»

ራሙን አጥብቄ አሸሁት። ደሜ ፈልቷል። ለነገሩ ክፉ ሴት አይደሉም፤ አባቴ ታሞ ሲከርም ወጥ ሠርተው ያመጡልን የነበሩት እሳቸው ናቸው። የሬሳ ክብር መስሏቸው ነው የነቀሉት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ያን ቀን ያመጡትን ንፍሮ አልቀመስኩም።

እሳቸው ሲወጡ እናቴ ቀስ ብላ፣ «ጸበል ልርጭበት?» አለች።

«እማዬ፣ ውሃ እኮ ነው ያበላሸው።»

«ጸበል ውሃ ነው?» ብላ ተቆጣች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትቆጣ የመጀመሪያዋ ስለነበር ደስ አለኝ።

እንደገና ሳበራው ስክሪኑ በራ፤ ነጭ ጽሑፍ መጣና ቆመ። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ለእናቴ እንደዚህ ብዬ አስረዳኋት።

«አሁን ስንት ዓመት ነው የሚለው?»

ነገርኳት። ጣቷን እያጠፈች አሰበች። ማሳው ገና የእኛ የነበረበት ዘመን ነው።

«ተዪው፣ አታስተካክይው» አለችኝ።

ተውኩት። አስተካክዬ ባላስተካክል ለፎቶው የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም። ቀጥይ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። የመክፈቻው ምልክት መጣ፣ ትንሽ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ቀጭ። ዝም። ቀጭ። ዝም። በሥራዬ ይህን ድምፅ ስሰማ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ለባለቤቱ «የሚያሳዝን ዜና አለኝ» ነው የምለው። ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ይቀየራል፤ ራም ይጸዳል፤ ባትሪ ከየሱቁ ይገዛል። ፎቶው ያለው ግን ዲስኩ ላይ ነው። ቀጭ የሚለው እያነበበ የሚዞረው መርፌ ነው፤ ቦታውን ስቶ ዲስኩን ይፍቃል። ባበራሁት ቁጥር ካለው ላይ ይልጣል ማለት ነው።

ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። አጠፋሁትና ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ላፕቶፕና ማገናኛ አስፈቅጄ መጣሁ። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አጋደምኩት፤ እናቴ በእጇ ልትይዘው ፈልጋ ከለከልኳት። ሰካሁት። ቀጭ አለ። ዝም አለ። ከዚያ ሳላስበው ተነሳና የፋይሎቹ ስም ተደረደረ። ዘፈኑን ሁሉ፣ የትምህርቴን ሁሉ ትቼ ፎቶውን ብቻ ያዝኩና ወደ ላፕቶፑ ጎተትኩት። አረንጓዴው መስመር እስከ ግማሽ ሄዶ ቆመ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። ነቅዬ ብሰካው፣ ባገላብጠው፣ ብለምነው ዳግመኛ አልተነፈሰም።

የተቀዳውን ከፈትኩት። ፎቶው ከላይ ወደታች መጣ። መጀመሪያ ሰማዩ። ከዚያ ተራራው፣ ባሕር ዛፉ። የክምሩ ጫፍ። ከዚያ የአባቴ ፀጉር፣ ግንባሩ፣ በፀሐይ የጠበቡት ዓይኖቹ። ከዓይኑ በታች ግራጫ ነው። እስከ ታች ድረስ ደረቅ ግራጫ።

እናቴ ጠበቀች። ገና የሚመጣ መስሏት ነበር።

«ከዚህ በታችስ?»

«የለም፣ እማዬ።»

«ማሳውስ?»

«እሱም የለም።»

«ማሳውን እዚህም ወሰዱት» አለች፤ እያለቀሰች አልነበረም። ከዚያ ጣቷን ግራጫው ላይ፣ አፉ መሆን በነበረበት ቦታ አሳረፈች። «እየሳቀ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«እንዴት ነበር የሚስቀው?»

ልነግራት ብዬ ሳስበው ሳቁ አልመጣልኝም። ዩኒፎርሙን ከለበሰ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ፎቶው አለ እያልኩ፣ ሳቁን ራሴ ውስጥ ማስቀመጥ ትቼ ኖሬያለሁ። ፊቷን ሳይ እሷም እንደጠፋባት ገባኝ። ሁለታችንም ያንን ግራጫ እያየን ተቀመጥን፤ ከአባቴ ቀብር ይልቅ ያቺ ሰዓት ከበደችኝ።

«ያለውን አሳትሚው» አለችኝ በመጨረሻ።

የአርባው ዕለት ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ዝክሩን ቀምሰው ከወጡ በኋላ ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እናቴ ፎቶውን አምጥታ ጉልበቷ ላይ አቆመችው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ጠጋ ብለው አዩትና፣ «ውይ! አፉን ምን ነካው?» አሉ።

አሁንስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ገመድ ከግድግዳ ላይ የነቀለ እጅ እንደነካው እነግራቸዋለሁ። እናቴ ቀሚሴን ያዘች።

«ልጄ ስታነሳው እጇ ተንቀጥቅጦ ነው» አለች።

ተቀመጥኩ። «አዎ፣ እትዬ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው።»

«ምነው ልጄ! ያንን ሳቅ?» አሉ እትዬ፣ እንባቸው እየመጣ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ተነሱ። «ያንን ሳቅ ማን አስቀረብኝ! ከፊት ጥርሱ አንዷ የወለቀችው፣ ሳቁን በመዳፉ የሚሸፍነው! ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ! ወንድሜ፣ ማን ይሸፍንልኝ!»

አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ በሴቶቹ መሃል ዞሩ። አባቴ ነበር። ቁርጥ እሱ። ያን ጊዜ ክምሩ አጠገብ ካሜራውን ስደቅንበት ቶሎ ብሎ እጁን ወደ አፉ እንደወሰደ ትዝ አለኝ፤ ፎቶው ሙሉ ሆኖ ቢወጣም አፉ አይታይም ነበር።

«እጁን» አለች እናቴ። «አዎ፣ እጁን።» ከዚያ አርባ ቀን ሙሉ ያልሰማሁትን ለቅሶ አለቀሰች።

እኔ እትዬን ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነበር፤ አልቻልኩም። መዳፋቸውን ከአፋቸው ላይ እንዳያነሱት ብቻ እለምን ነበር።