ፋክሱ ያመጣው መርዶ

ሚስቴ ስማዳ፣ እኔ ንፋስ መውጫ ነበርን። እሷ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር። ከተጋባን ጀምሮ የምንገናኘው በበዓልና በእረፍት ቀን ብቻ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቼ ባዩኝ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤት ገብቼ ያለ ሚስቴ ለእራት ስቀርብ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም።

እንደዚያ ሆነን ሳለን አረገዘች። የስማዳን እናት ሁሉ የምታዋልደው እሷ ስለሆነች፣ እሷን ማን እንደሚያዋልዳት ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። እሷም ቁርጧን ነገረችኝ። «የሰውን ልጅ ስቀበል ኖሬያለሁ፤ የራሴን ሰው በሌለበት አልወልድም። አንተ ባለህበት ነው የምወልደው» አለች። ዝውውር ጠየቀች። ስማዳ ለመልቀቅ በስንት ልመና እሺ አለ፤ የእኛም ወረዳ «እቀበላለሁ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ክብ ማኅተሙም አረፈበት። የቀረው ያ ደብዳቤ ባሕር ዳር ካለው ትልቁ ቢሮ መድረስ ብቻ ነበር። የዝውውር ኮሚቴው የሚቀመጠው አርብ ጠዋት ነው። አርብ ካለፈ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ዝውውር የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት አይጠብቅም።

በፖስታ እንዳይላክ ቀኑ አጥሯል። የወረዳው ፋክስ ከተበላሸ ቆይቶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው እኔ፣ አፌን ሳላሰናዳ፣ በሰው ፊት «ምን ችግር አለው? ከቤቴ፣ ከኮምፒውተሬ እልከዋለሁ!» ያልሁት።

ኮምፒውተር ነበረኝ። አሮጌ ቢሆንም የእኔ ነው። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች። ስልኩም ሳሎን ውስጥ የራሱን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከስልኩ ሽቦ ቀጥዬ፣ በበሩ ሥር አሳልፌ፣ መኝታ ቤት ካለው ኮምፒውተር ጀርባ ሰካሁት። አክስቴ ሽቦውን እየተሻገረች «ስልኩን ልታጠባው ነው?» አለችኝ። ሽቦውን ማጥበቄን ቀጠልሁ፤ ትልቅ ሥራ ላይ ነበርሁ።

መጀመሪያ የሞከርሁት ኢሜይል ነበር። ፕሮግራሙን ስከፍተው እንደ ክፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመረምረኝ ጀመር። ስምህ ማን ነው? ገቢ ደብዳቤህ በየት በኩል ይመጣል? ወጪውስ በየት ይወጣል? የይለፍ ቃልህስ? አንዱን ስመልስ ሌላውን ይጠይቀኛል፤ ሁሉንም ስመልስ «ተሳስተሃል» ብሎ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲቸግረው ነው መሰል እሺ አለኝ። ደብዳቤውን ከትምህርት ቤት በተዋስሁት ስካነር አስገብቼ ላክሁና፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቢሮው ደወልሁ። ያነሣችው ጸሐፊዋ ናት።

«ኢሜይላችሁን እዩልኝ፤ ደብዳቤ ልኬያለሁ» አልኋት።

«ኢሜይሉን የሚከፍተው ባለሙያ የለም» አለች።

«የት ሄዶ ነው?»

«ዝውውር አግኝቶ ሄደ።»

የስልኩን እጀታ ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ደግ ሴት ናት፤ «ለምን ፋክስ አያደርጉትም? በራሱ እንዲቀበል አደርገዋለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን ይቀበላል» አለችኝ። አመሰገንኋትና ወደ ፋክሱ ዞርሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ከመኝታ ቤት ሲደውል፣ ሳሎን ያለው ስልክ ደግሞ ቀስ ብሎ ቅጭል ቅጭል ይላል። መኝታ ቤት ላለ ሰው አይሰማም። ለአክስቴ ግን ይሰማታል። አክስቴ ዘንድ ደግሞ የጠራ ስልክ አለማንሣት፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ከመቀመጫ አለመነሣት ነው። ታነሣዋለች። እሷ ስታነሣው መስመሩ ይቋረጣል፤ የእኔ ማሽን «አልተላከም» ይለኛል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ግን ስልከኛውን፣ የከተማችንን ንፋስ፣ ኮምፒውተሩን የሸጠልኝን ሰውዬ፣ በተራ በተራ ስረግም ዋልሁ። ደግሜ እሞክራለሁ፤ ደግሞ ይቋረጣል።

ሲመሽ አክስቴ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። የምድጃ ጭስ መሰለኝ።

«በቃህ፤ አሁን ተወው» አለችኝ። «ና እህል ቅመስ።»

ለእንግዳ ብላ የደበቀችውን ቅቤ አውጥታ፣ እንቁላሉን ሁሉ ሰብራ፣ እራት ሠርታለች። በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር። «ብላ፣ ጠግበህ ብላ፣ ነገ አትበላም» ትለኛለች። ነገ አርብ ጾም ስለሆነ ነው ብዬ በላሁ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ «እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ፤ አይተውኝ ይተነፍሳሉ። ስለ ፋክሱ ሰምተው እንዲህ የተጨነቁልኝ መሰለኝና ሆዴ ባባ። እንዲህ ያለ ሰፈር ከየት ይገኛል! የንስሐ አባታችንም መጡ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ «ብርታቱን ይስጥህ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን አባ። መንገዱ ነው ያስቸገረኝ እንጂ ሌላው አልቋል» አልኋቸው፤ የስልኩን መስመር ማለቴ ነው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «መንገዱ የማይቀር ነው። ሁላችንም እንሄድበታለን» ብለው ወጡ። ቄስ ደግሞ ፋክስ የሚያደርገው ምን ይሆን ብዬ ትንሽ ገረመኝ።

አርብ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁ። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከኋላቸው፣ ሁሉም ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አየሁ።

በእኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለአንድ ነገር ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በምሽትም አይነገርም። የሟች ዘመድ ማታውኑ እህል እንዲቀምስ ይደረግና፣ ሲነጋ ሽማግሌ ይመጣል። የእራቱ ቅቤ፣ የጎረቤቶቹ ትንፋሽ፣ የአባ እንባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«እሷ ናት?» አልሁ።

አንደኛው ሽማግሌ መሬት መሬት እያዩ «የእድራችን ዳኛ በመጀመሪያው መኪና ለቀብሩ ወደ ስማዳ ወርደዋል። አንተንም ይዘንህ እንወርዳለን፤ አይዞህ» አሉኝ።

መሬት ላይ ተደፋሁ። እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም። ሆዷን ይዛ፣ መኪና ላይ ስትወጣ ዞር ብላ እንዳየችኝ ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ የተቆጣኋት በጫማዋ ነበር፤ «ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጊ» ብዬ። በጫማ መቆጣቴ አንጀቴን በላው። ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር ለቅሶውን ለቀቁት። አክስቴ ደረቷን እየደቃች መሐል ገባች።

«እኔ ነኝ የሰማሁ! በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁ! ያን የቢሮ ስልክ ባነሣሁት ቁጥር ያለቅሳሉ! ደግሜ ባነሣውም ያለቅሳሉ! የእሷን ጉዳይ የያዘ ቢሮ ለእሷ ካልሆነ ለማን ያለቅሳል!»

ከእንባዬ መሐል «ምን ብለው?» አልኋት።

«ምን ቃል አላቸው! ቃል አጥተው እኮ ነው የሚያለቅሱ! እንዲህ ነው እንጂ...» አለችና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አወረደችው። «ጢ...ይይይይ! ጢ...ይይይይ! ክርርርርርር! ሽሽሽሽሽ!»

ለቅሶዬን አቆምሁ።

«እስቲ ድገሚው» አልኋት።

«አንተ ልጅ!» አሉ አባ ደንግጠው።

«አባ ይቅር ይበሉኝ። እቴቴ፣ በሞቴ፣ ድገሚው!»

ደገመችው። አንዲት ነገር አላጎደለችም። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ እንደሷ አድርጎ ድምፅን በልኩ የሚያወጣ ተማሪ አልገጠመኝም። እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥሁ ሳቄ መጣ፤ እያለቀስሁ ስስቅ ሽማግሌዎቹ «አበደ» ተባባሉና አንዱ ጸበል እንዲመጣ አዘዙ።

«የሞተ የለም!» አልሁ። «የሚጮኸው ማሽን ነው! ኑ፣ ግቡ፣ ሁላችሁም ግቡ!»

ያ ሁሉ ሰው ከነጋቢው መኝታ ቤቴ ገባ። አክስቴ ከሁሉም ፊት ናት። ዳንቴሉን ገልጬ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁና ደወልሁ። ጠራ፤ ጠራ፤ ከወዲያ ተነሣ። «ጢ...ይይይይ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውጭ የቀሩት ሴቶች ደግሞ ድምፁን ሲሰሙ አዲስ አልቃሽ የገባ መስሏቸው ተቀበሉት። ከውስጥ ማሽኑ፣ ከውጭ ሴቶቹ እየተቀባበሉ፣ የደብዳቤው መሄጃ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። ሳሎን ያለው ስልክም ቅጭል ቅጭል ብሏል፤ ግን የሚያነሣው ሰው የለም፤ የሚያነሣው ሰው አጠገቤ ቆሞ አፉን ይዟል።

«ተልኳል» አለ ስክሪኑ።

«ምን አለ?» አሉ አባ።

«ደረሰ አባ። ወረቀቱ ባሕር ዳር ደረሰ።»

አባ አማተቡ። አክስቴ ግን አልተዋጠላትም። «ወረቀት ምን ሆኖ ነው ታዲያ እንዲህ የሚያለቅስ?» አለች።

ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ መልሰው እየደፉ «ቢሮ ሊገባ ነዋ!» አሏት። «እኔስ ለይዞታ ጉዳይ ቢሮ ስሄድ እንዲህ አይደል የሚያደርገኝ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለለቅሶ የመጣው ቂጣና ቆሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሁሉም መብላት ሲጀምር ነው የእድሩ ዳኛ ትዝ ያሉን። የስማዳው ጤና ጣቢያ ስልክ እንደሆነ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚደረስባቸው መንገድ የለም።

የሆነውን ሚስቴ ነች በኋላ የነገረችኝ። ከማዋለጃ ክፍሉ ጓንቷን እያወለቀች ስትወጣ፣ የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አይተዋት ቀጥ አሉ። የመጡት ሊቀብሯት ነው፤ እሷ ግን ቆማ «እንደምን አደሩ» ትላቸዋለች። ምን ይበሉ? በሕይወት ላለ ሰው «ልቀብርሽ መጣሁ» አይባል። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ መጣባቸውና ዝም ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ሽማግሌ፣ ከንፋስ መውጫ፣ ጋቢ አዘቅዝቆ፣ እያለቀሰ። እሷም የአገሩ ልጅ ናት፤ ማን እንደሞተ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ነጭ ገዋኗን ሳታወልቅ መኪና ላይ ወጣች። እሳቸው መንገዱን ሙሉ «የለም፣ ደኅና ነው» ቢሏትም አላመነቻቸውም፤ መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ «ደኅና ነው» ነው የሚለው። ቀኑ አርብ ስለሆነ አርብ ገበያ ከተማ ላይ መንገዱን አህያና ገበያተኛ ሞልቶት፣ መኪናው እያዘገመ፣ እሷ እንባዋን እየጠረገች አለፈች።

እኔ የዳኛውን መመለስ ስጠብቅ ከረፋድ ጀምሬ መናኸሪያው ውስጥ እንቆራጠጣለሁ። ወደ ማታ ደረሱ። ከመኪናው ስትወርድ አየችኝ። ከዚያ መጥታ በሁለት እጇ ደረቴን ደበደበችው፤ ደብድባ ደብድባ ሲደክማት ኮቴን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያየናል፤ ግድ አልሰጠኝም።

«ሁለተኛ» አለችኝ፣ «ሁለተኛ ብትሞት እንኳ እኔ አጠገብ ሆነህ ነው የምትሞት! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አልኋት።

ዝውውሩ ጸደቀ። ዕቃዋን ይዛ መጣች፤ ቤታችን ቤት ሆነ። ቀኗ ሲደርስ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ እኔና አክስቴ ከማዋለጃው ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናት። ብዙ ጠበቅን። እኔ ጥፍሬን በላሁ፤ አክስቴ በከንፈሯ ማርያምን ትጠራለች። ከዚያ ከበሩ ኋላ ቀጭን፣ ስለታም፣ የማያቋርጥ ጩኸት ተሰማ። ብድግ አልሁና ወደ በሩ ሮጥሁ።

አክስቴ ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ቁጭ በል!» አለችኝ። «ገብተህ እንዳታቋርጠው፤ ጮሆ ይጨርስ። እየደረሰ ነው።»