ጤፍ የተነሰነሰባት መኪና

ጋሽ ኣብራሃለይ የጤፍ ዱቄት በቦርሳ ይዘው ወደ ሥራ ሲሄዱ ያየሁ ዕለት፣ «እኚህ ሰውዬ መሥሪያ ቤት እንጀራ ይጋግራሉ እንዴ?» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ሆላንድ አገር ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ። ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የአውቶቡስ ቦዲ ሲበይዱ ለምደውት ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል። እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ የማድር ሰው አይደለሁም።

«ለመኪና ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

የባሰ ሳቅሁ። እሳቸው አልተቀየሙም፤ ሮተርዳም ወደሚሠሩበት ጋራዥ ወስደው አሳዩኝ። ጋራዡ በየብስም በውሃም የሚሄዱ የድሮ መኪኖችን ያድሳል። ባለቤቱ ኮር የሚባል ሆላንዳዊ ሽማግሌ ነው። በጎረምሳነቱ፣ በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ዓመታት፣ እነዚህ መኪኖች በሚሠሩበት ጀርመን አገር ባለ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር፤ ሙያውን ለጋሽ ኣብራሃለይ ያስተማረውም እዚያ እንዳየው አድርጎ ነው።

ተራ መኪና ሲሠራ ቆርቆሮውን እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ አድርጎ መበየድ ይበቃል። የእነዚህ ሆዳቸው ግን ጀልባ ነው። ብየዳው ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ መጋጠሚያው በቀለጠ እርሳስ ይደፈናል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ፕሮፔለሮች አሉ። ውሃ ላይ መኪናዋን የሚያዞሯት የፊት ጎማዎቿ ራሳቸው ናቸው። በሩ ሁለት እጀታ አለው፤ ሁለተኛው ሲጠመዘዝ በሩን ዙሪያውን ካለው ላስቲክ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቦዲው ገንዳ ውስጥ ይገባና ውሃ አለማስገባቱ ከውስጥ ይፈተሻል።

ለዚህ ፍተሻ ጋራዡ ውስጥ የሚነሰነሰው የጠመኔ ዱቄት ነበር። አንድ ቀን ጠመኔው አለቀ። ጋሽ ኣብራሃለይ ለቤታቸው ገዝተው የያዙትን ጤፍ በመጋጠሚያው ላይ በወንፊት ነፉበት። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። ከዚያ ወዲህ ኮር ጠመኔ ገዝቶ አያውቅም። የጋሽ ኣብራሃለይ ባለቤት እትዬ ደሃብ ግን፣ «እንግዳ ሲመጣብን ዱቄት የለም፤ የኮር መኪና ጠግባ ታድራለች» እያሉ ይበሳጫሉ።

ጋራዡ አንድ ደንብ አለው። መኪናዋ መጀመሪያ ወንዝ ስትገባ፣ መጋጠሚያዋን የደፈነው ሰው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ጋሽ ኣብራሃለይ ግን አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም። የእትዬ ደሃብን ታላቅ ወንድም ምጽዋ ላይ ባሕር በልቶታል፤ አሮጌ ጀልባ ውሃ አስገብታ ሰጠመች። ባላቸው ይህን ሥራ የያዙ ዕለት እትዬ ደሃብ፣ «ውሃ ላይ አልወጣም፣ ደሃብ ትሙት በል!» ብለው አስማሏቸው። በሚወዳት ሚስቱ ሞት የማለ ሰው ምን ያደርጋል? የደፈኗቸው መኪኖች ሲንሳፈፉ ዳር ቆመው ያያሉ።

ዘንድሮ የመጨረሻዋን መኪና ጨረሱ፤ ቀይ ናት።

«ፔንሲዩን፣ ጡረታ ልወጣ ነው» አሉኝ ደረጃው ላይ። «አንድ ጊዜ እንኳ የሠራሁት ነገር ሲሸከመኝ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ እትዬ ደሃብን ለምን አይጠይቋቸውም?»

«ያስማለችኝ እሷ ናት፣ የምትፈታኝም እሷ ናት። ቁስሏን ነክቼ አልለምናትም።»

ተናደድኩ። መሐላው ሳይሆን ዝምታቸው ነው ያናደደኝ። በማያገባኝ ገብቼ ለእትዬ ደሃብ ነገርኳቸው። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ነጠላቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ። «ወደዚያ ወንዝ ውሰጂኝ» አሉ።

ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ሮተ ወንዝ ዳር ስንደርስ ኮር መሪውን ይዟል። ጋሽ ኣብራሃለይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሣሩ ላይ ቆመዋል። ሚስታቸውን ሲያዩ ደነገጡ። እትዬ ደሃብ ሳያናግሯቸው አለፉና የመኪናዋን በር ከፈቱ፤ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱ። ጤፉ ገና አልተጠረገም።

«ገንዳው ውስጥ ረጥቦ ነበር?»

«አልረጠበም፣ ደሃብ።»

«እንግዲያው ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ። ግን ብቻህን አይደለም» አሉና ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ አጠገባቸው ገባሁ። ጋሽ ኣብራሃለይ ከኮር ጎን ተቀምጠው ሁለተኛውን እጀታ ጠመዘዙ።

መኪናዋ ቁልቁል ወረደች፤ ጎማዎቿ መሬቱን ለቀቁ። ውሃው እስከ በሩ ወገብ መጣ። እትዬ ደሃብ ዓይናቸውን ጨፍነው የባላቸውን ትከሻ ከኋላ ጨብጠዋል። ጋሽ ኣብራሃለይ ወንዙን አላዩም፤ ወለሉን ብቻ ነበር የሚያዩት። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር።

መሃል ስንደርስ እትዬ ደሃብ ዓይናቸውን ገለጡ። ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፤ መልሰው አነሱት። ደረቅ ነበር፤ ደረቅ ጤፍ ብቻ ነው የያዘው። መዳፋቸውን እያዩ እንባቸው መጣ።

«ኣብራሃለይ» አሉ፣ «ምነው የወንድሜንም ጀልባ አንተ በደፈንክልኝ!»